ለጋውን ግዙፍ ዱባ ከአየር ጠባይና ከተባይ መጠበቅ፦ ለወሎ ጓሮዎች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃፍ ሙን ቤይ በተባለች ከተማ ለውድድር የቀረበ አንድ ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ገደማ መዝኖ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። እንዲህ ያሉ ዱባዎች የሚገኙት ሃዋርድ ዲል የተባለ የካናዳ፣ የኖቫ ስኮሺያ ገበሬ ለዓመታት ዘር እየመረጠ ካወጣው «አትላንቲክ ጃየንት» ከተባለው ዝርያ ነው። ሆኖም ያ ዱባ ራሱ በአንድ ወቅት ከብርቱካን አይበልጥም ነበር፤ ያን ጊዜ አንዲት ዝንብ ብትወጋው ወይም አንድ የበረዶ ጠጠር ቢያርፍበት ኖሮ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ባልኖረ ነበር። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለዚያ ወቅት ነው፤ ማለትም ችግኙ ከአፈር ብቅ ካለበት ቀን አንሥቶ ፍሬው ከተቋጠረ በኋላ እስካለው አርባኛ ቀን ድረስ።

የምጽፈው በደቡብ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለ ጓሮ ከሠራሁት በመነሣት ነው። በአካባቢያችን ትልቅ ዱባ ለማብቀል የሚነሣ ሰው ትኩረቱን በሙሉ በፍግና በውሃ ላይ ያደርጋል። ፍግም ውሃም ያስፈልጋሉ፤ ለጋው ፍሬ ካልዳነ ግን ፍጉ የሚመግበው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ጥበቃውም ቢሆን ከቤት የማይጠፋ ዕቃ እንጂ የተለየ ወጪ አይጠይቅም፤ አሮጌ ነጠላ፣ እንቅብ፣ የወንዝ አሸዋና ጥቂት አጣና ይበቃሉ። የውጭው ዘር የሌለው ሰው ከአገሬው ዱባ ትልቁን መርጦ ቢዘራም ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያገለግለዋል።

ከመዝራት በፊት፦ የመዝሪያውን ወር መምረጥ

የመጀመሪያው መከላከያ የቀን መቁጠሪያ ነው። ግዙፍ ዱባ ከተዘራ በኋላ አበባ አውጥቶ ፍሬ እስኪቋጥር ሁለት ወር ወይም ጥቂት ቀናት ጨምሮ ይወስድበታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለማደግ ቢያንስ ሌላ ሁለት ወር ያስፈልገዋል። ስለዚህ «መቼ ልዝራ?» የሚለው ጥያቄ በትክክል ሲጠየቅ «ለጋው ፍሬ በየትኛው ወር ላይ ይድረስልኝ?» ማለት ነው።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ የቆላው ዱባና የደጋው ዱባም የሚፈሩት ጠላት የተለያየ ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአንድ ወሎ ውስጥ እያሉ አንዱ የሙቀት፣ ሌላው የውርጭ ችግር አለበት። በሐይቅና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው ወይናደጋ፣ የመስኖ ወይም የጉድጓድ ውሃ ያለው ሰው በየካቲት መጨረሻ ቢዘራ ችግኙ የበልጉን ዝናብ ያገኛል፤ ፍሬው በግንቦት መጀመሪያ ይቋጠራል፤ የሐምሌና የነሐሴ በረዶ ሲመጣም ቆዳው ጠንክሮ ይጠብቀዋል። በግንቦት መጨረሻ የዘራ ሰው ግን ለጋው ፍሬ ክረምቱ በጠናበት ወቅት ላይ ይወድቅበታል። ይህን ስሕተት በመጀመሪያው ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ያተረፍሁት የተቦደሰ ቅጠልና የበሰበሰ እንቡጥ ነበር። በደሴ ዙሪያና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ስለሚያሰጋ፣ ችግኙን ቤት ውስጥ አፍልቶ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ማውጣት ይሻላል። በቆቦና በጊራና ሜዳ ደግሞ የግንቦትና የሰኔ ሐሩር እንቡጡን ስለሚያረግፍ፣ መስኖ ካለ በመስከረም ተዘርቶ ፍሬው በኅዳር ቀዝቀዝ ባለ አየር እንዲቋጠር ማድረግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት መሆን አለበት። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ መሥራት ግዴታ ነው፤ ዋልካ ክረምት ላይ ሥርን አፍኖ ይገድላል።

የችግኙ ሳምንታት

የዱባ ዘር ለመብቀል ሞቅ ያለ አፈር ይፈልጋል፤ ከ21 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውስጥ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ብቅ ይላል፤ በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ግን ይበሰብሳል። ዘሩን በቀጥታ መሬት ላይ የሚዘራ ሰው ሌላም ችግር ይገጥመዋል፤ አይጥ የዱባን ዘር ከሁለት ክንድ ርቀት አሽትታ ትቆፍረዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ በችግኝ ላስቲክ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዘርቶ፣ ማታ ማታ ምድጃ ካለበት ቤት ማሳደር የሚያዋጣ መንገድ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ሲዘረጋ ችግኙን ከነአፈሩ ማውጣትና መትከል ይገባል። የዱባ ሥር መነካካት አይወድም፤ ላስቲኩ በምላጭ ይቀደዳል እንጂ ችግኙ አይጎተትም።

ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያው ጠላት ቆራጭ ትል ነው። ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይውልና ማታ ወጥቶ ግንዱን ከመሬቱ ልክ ላይ ይቆርጠዋል፤ ጠዋት ችግኙ እንደ ታጨደ ሣር ወድቆ ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከታችና ከላይ የተከፈተ ቆርቆሮ ወይም የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ በግንዱ ዙሪያ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ከላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ እንዲቆም ማድረግ ነው። አንድ ችግኝ ከተቆረጠ አጠገቡ ያለውን አፈር በጣት ጫር ጫር ማድረግ ይገባል፤ ትሉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛል።

ቀንድ አውጣ በበልግና በክረምት ይበዛል። በችግኙ ዙሪያ የሚነሰነስ ደረቅ አመድ ያግደዋል፤ ነገር ግን አመዱ በአንድ ካፊያ ኃይሉን ስለሚያጣ ደጋግሞ መነስነስ ያስፈልጋል፤ ሲበዛም አፈሩን ያበላሻል። ማታ በባትሪ መብራት እየዞሩ መልቀም ከአመዱ ይበልጥ ይሠራል።

ዶሮን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ችግኝ ባለበት ጊዜ ዶሮ ከትል ትብሳለች፤ አፈሩን ስትጭር ሥሩን ታወጣዋለች። አዝመራው ካለቀ በኋላ ግን መደቡ ላይ ልትለቀቅ ይገባል፤ አፈር ውስጥ የተደበቀውን የዝንብ ኩብኩባና ትል የሚለቅም ከእርሷ የተሻለ ሠራተኛ የለም።

በረዶ ለችግኝ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲሰማ እንቅብ ወይም ቅርጫት ደፍቶ ድንጋይ መጫን ይበቃል። ቤት ውስጥ ያለች ልጅም ብትሆን ይህን እንድታውቅ አስቀድሞ መንገርና እንቅቡን ከችግኙ አጠገብ ማኖር ያስፈልጋል፤ ደመናው ከመጣ በኋላ ዕቃ መፈለግ አይቻልም።

ሐረጉ ሲሮጥ፦ ነፋስ

ሐረጉ አንድ ሜትር ካለፈ በኋላ ነፋስ ገልብጦ ሊሰብረው ይችላል። ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛው ንፋስ በሚመጣበት አቅጣጫ የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ ደርድሮ አጥር መሥራት ነው። አጥሩ እንደ ግድግዳ የተደፈነ መሆን የለበትም፤ ነፋሱን ግማሽ በግማሽ የሚያሳልፍ አጥር ያበርደዋል፤ የተደፈነው ግን ነፋሱን ከላይ አዙሮ ከአጥሩ ወዲህ ይደፋዋል። ሁለተኛው ሐረጉን በየአንጓው አፈር ማልበስ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ያለው አንጓ አፈር ሲያገኝ ተጨማሪ ሥር ይሰድዳል፤ ይህም ሐረጉን እንደ ችካል ይይዘዋል፤ ዱባውንም ይመግበዋል። አፈሩን እስኪይዝ ድረስ የሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መስቀልያ ሐረጉ ላይ ቢተከል ይረዳል።

ፍሬው የሚቋጠርበት ጠዋት

ሴቴ አበባ ከሥሯ ትንሽ ኳስ የመሰለ እንቡጥ ስላላት ከወንዴው ትለያለች። ከዋናው ሐረግ ላይ፣ ከግንዱ 3 ሜትር ያህል ርቆ የሚወጣውን እንቡጥ መምረጥ ይመረጣል፤ ከፊቱም ከኋላውም የሚመግበው ቅጠል ያገኛልና። አበባው ሊፈነዳ ሲቃረብ፣ በዋዜማው ማታ ሴቴውንም ወንዴውንም በክር ማሰር ወይም በቀጭን ጨርቅ መሸፈን ይገባል። በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የወንዴውን አበባ ቅጠሎች ገንጥሎ ብናኙን በሴቴዋ ውስጥ ቀስ ብሎ ማባበስ ነው። አበባው እኩለ ቀን ሳይሆን ስለሚከደን ማርፈድ አይቻልም።

ይህ ሥራ ስለ ጥበቃ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ለምን ገባ የሚል ቢኖር፣ ምክንያቱ ዝናብ ነው። ዝናብ የነካው ብናኝ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ንብም በዝናብ አትወጣም። በደንብ ያልተዳቀለ እንቡጥ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይጨማደዳል። ስለሆነም ከተዳቀለ በኋላ አበባውን መልሶ አስሮ ለሁለት ቀን ከላዩ ትንሽ ጥላ ማድረግ ያስፈልጋል። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከወጣ ጥላው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ጨርቅ በእንጨት ላይ ዘርግቶ ከእንቡጡ በላይ ማቆም ቀዝቀዝ ያደርገዋል። በአንድ ተክል ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ አስይዞ፣ የእግር ኳስ ሲያህሉ የተሻለውን አስቀርቶ ሌሎቹን መቁረጥ የተለመደ ነው። የተቆረጠው ለጋ ዱባ ለወጥ ይሆናል፤ አይጣልም።

ከቡጢ እስከ እንስራ፦ ዋናው ጥበቃ

ከዚህ በኋላ ያሉት ቀናት የሥራው ልብ ናቸው። ፍሬው ቡጢ ሲያክል አራት ነገሮች መጀመር አለባቸው።

መጀመሪያ መቀመጫው ይስተካከላል። ከፍሬው ሥር ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የወንዝ አሸዋ ይነጠፋል። አሸዋ ውሃ አያቁርም፤ ፍሬው ሲያብጥም አብሮት ይንሸራተታል። አንዳንድ ሰው ገለባ ያነጥፋል፤ እኔ አልመክርም፤ ገለባ ለአይጥ ቤት፣ ለቀንድ አውጣ ጥላ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የቦርከና ወንዝን አሸዋ ያመጣ ሰው ይበቃዋል፤ አሸዋው ጭቃ እንዳይኖረው ግን መታጠብ አለበት።

ሁለተኛ አንገቱ ነፃ ይወጣል። ፍሬውን ከሐረጉ የሚያያዘው አንገት ከሐረጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ፣ ፍሬውን በየቀኑ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ማዞር ይገባል። ይህ የሚሠራው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ሐረጉ ውሃ ሞልቶ ስለሚጠነክር ይሰበራል። ከፍሬው ግራና ቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ሐረጉ የሰደደውን ሥር መቁረጥም አይቀርም፤ ፍሬው ሲያድግ ከፍ ሲል ሐረጉ አብሮት መነሣት ካልቻለ አንገቱ ይገነጠላል። ዱባው በደህናው ጊዜ በቀን 10 ኪሎ እና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላልና ለዚህ ቦታ ካልተተወለት ራሱን በራሱ ይገነጥላል።

ሦስተኛ ዳስ ይሠራለታል። አራት አጣና ተተክሎ ከላዩ ነጭ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ይዘረጋል፤ ጎኑ ግን ለአየር ክፍት ይሁን። ዳሱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የቀትር ፀሐይን መከላከል ነው፤ ፀሐይ የመታው የለጋ ዱባ ቆዳ ያለጊዜው ይጠነክርና ውስጡ ማደጉን ሲቀጥል ይሰነጠቃል። ሁለተኛው በረዶን ማብረድ ነው። ለዚህም ጨርቁ ዘመም ብሎ እንዲወጠር ያስፈልጋል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዘረጋ በረዶና ውሃ ተጠራቅሞ ፍሬው ላይ ይደረመሳል። ጥቁር ላስቲክ ከላይ መዘርጋት ግን ፍሬውን መቀቀል ነው።

አራተኛው የዝንብ መከላከያ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። የዱባ ፍሬ ዝንብ ከቤት ዝንብ ያነሰች፣ ቡናማ ብርቱካናማ መልክ ያላት፣ ተርብ የምትመስል ናት። ለጋውን ቆዳ ወግታ እንቁላሏን ከሥሩ ታስቀምጣለች። በተወጋበት ቦታ ላይ ሙጫ የመሰለ ጠብታ ይታያል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦታው ይለሰልሳል፤ ሲከፈት ነጫጭ ትል የሞላበት ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚረጭ ማንኛውም መድኃኒት ዘግይቷል፤ ትሉ ቆዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚሻለው መጀመሪያውኑ እንዳታርፍበት ማድረግ ነው። አሮጌ ነጠላ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ አየርና ብርሃን ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም። ፍሬው ከተዳቀለ በሦስተኛው ቀን ነጠላውን ሰፋ አድርጎ እንደ ከረጢት በፍሬው ላይ ማልበስና በአንገቱ ዙሪያ ላላ አድርጎ ማሰር፣ በየሦስት ቀኑም እየፈቱ ማስፋት ነው። ጠብቆ ከታሰረ አንገቱን ያንቀዋል። ለወባ መከላከያ የተሰጠን አጎበር ለዱባ ማልበስ ግን ተገቢ አይደለም፤ አጎበሩ የሚፈለገው አልጋ ላይ ነው፤ የተነከረበት መድኃኒትም ንብ ይገድላል።

የተወጋ ፍሬ ከተገኘ ጓሮ ጥግ መጣል የሚቀጥለውን ትውልድ መዝራት ነው። ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ መርገጥ ወይም በላስቲክ ቋጥሮ ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ መተው ያስፈልጋል። ጎረቤትም ይህን ካላደረገ ልፋቱ ግማሽ ይሆናል፤ ከአጥር ወዲያ ያለችን እናት ስለዚህ ጉዳይ ለማነጋገር ሁለት የቡና ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ በኋላ የሁለታችንም ጓሮ ተሻለው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሃው ሳይቋረጥ በልክ ይሰጥ። ሳምንት ተጠምቶ በአንድ ቀን የተጥለቀለቀ ዱባ ይፈነዳል።

ቅጠል የሚበሉና የሚመጥጡ

ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ሥር ተሰባስቦ ፈሳሹን ይመጥጣል፤ ቅጠሉን ያኮራምታል፤ የቫይረስ በሽታም ያስተላልፋል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ማታ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ይቀንሰዋል። በቀትር መርጨት ቅጠሉን ያቃጥላል። ነጠብጣብ ያለባቸው ጥንዚዛዎች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ የሚያብለጨልጨው ክሽክሽ የሚበላ ወዳጅ ነው፤ ፈዘዝ ያለው፣ ለስላሳ ፀጉር ያለውና ብዙ ጥቋቁር ነጥብ ያለበት ግን ቅጠሉን ወንፊት የሚያደርግ ጠላት ነው። ቢጫ እንቁላሎቹን ከቅጠሉ ሥር በእጅ መጨፍለቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ቅጠል በሽታ ይዞታል። አንድ እጅ ወተት ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሎ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት መርጨት፣ በሽታው ገና ጀማሪ ከሆነ ይገታዋል። ወተት ለቅጠል ይባክናል የሚል ቢኖር አጓትም ለዚሁ ይውላል።

መድኃኒት የግድ ከሆነ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቆ፣ አበባው ከተከደነ በኋላ ማታ መርጨት ይገባል። ለጫት የተገዛን መድኃኒት ለዱባ ማዋል የሚበላውንም ሰው መርጨት ነው። የአንበጣ መንጋ፣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ በራያ ቆቦ እንደታየው፣ በጓሮ ሽፋን የሚመለስ አይደለም፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ፍሬውን በእንቅብና በጆንያ መክደን ይቻላል።

ጃርትና ዝንጀሮ

ጃርት ዱባ ሲያገኝ ሌላ ምግብ አያስታውስም። የሚመጣው ሌሊት ነው፤ አጥር ሥር ይቆፍራል እንጂ አጥር ላይ መውጣት አይሆንለትም። በዱባው ዙሪያ ጉልበት ድረስ የሚደርስ፣ ሥሩ አንድ ስንዝር ተኩል መሬት ውስጥ የገባ የድንጋይ ካብ ያቆመዋል። እሾህ ብቻውን አይበቃም፤ እርሱ ራሱ እሾህ ነውና። ለዝንጀሮና ለጦጣ ከጠባቂ ሰው ሌላ አስተማማኝ ነገር አላየሁም።

የውርጭ ሌሊት

ዘግይቶ የተተከለ ዱባ በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው ሌሊት ሊያገኘው ይችላል። ሰማዩ ደመና ከሌለው፣ አመሻሹም ፀጥ ካለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በዳሱ ላይ መሬት ድረስ መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ዱባውን የሚያሞቀው መሬቱ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ስለሆነ ሽፋኑ ከጨለመ በኋላ ቢመጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። ጨርቁ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይመታልና በእንጨት ከፍ ይደረግ። ቀን አፈሩን ማጠጣት ሌሊት ሙቀቱን እንዲያቆይ ይረዳዋል። ጭስ ማጨስ የቆየ ልማድ ነው፤ ጭሱ ብቻውን ግን ብርዱን አይመልሰውም። ጠዋት ፀሐይ እንደሞቀች ሽፋኑ ይነሣ።

አርባኛው ቀን ገደማ ሲደርስ ቆዳውን በጥፍር መሞከር ይቻላል። ጥፍር በቀላሉ የማይገባበት ከሆነ ነጠላው ሊወልቅ፣ ታጥቦም ለሚቀጥለው ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ዳሱ ግን ዱባው እስኪቆረጥ ድረስ ቦታው ላይ ይቆያል።